ለሙስታንጉ የሄድን ዕለት

እኔ ማንደፍሮ ችኩል ነኝ፤ ቁጡም ነኝ። የሚያውቀኝ ያውቀዋል፣ የማያውቀኝም ከራሴ አፍ ይስማው። ችኩልነቴ እስከ ዛሬ ሁለት ሥራና አንዲት እጮኛ አሳጥቶኛል፤ ስቄባቸው አልፌአለሁ። በዚያ በዴን ሃጉ ቅዳሜ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ይኸው ሦስት ዓመት አለፈው፣ አሁንም ሳስበው ልቤ ድንግጥ ይላል።

ጊዜው በፈረንጅ 1986 መጋቢት መጨረሻ፣ ዐቢይ ጾም ነው። ሮተርዳም ወደብ፣ ከመርከብ የሚራገፍ ዕቃ የሚከማችበት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። በዕረፍት ሰዓት ሌላው ካርታ ሲጫወት እኔ የጋዜጣውን የመኪና ሽያጭ ገጽ እንደ ዳዊት እደግማለሁ። ሆላንድኛዬ ዳቦ ለመግዛት እንኳ የማይበቃ ቢሆንም፣ የመኪና ነገር ከሆነ አንዲት ቃል አታመልጠኝም። ሐሙስ ዕለት እንዲህ የሚል አነበብኩ፦ «ፎርድ ሙስታንግ ኩፔ፣ የ1967 ሥሪት፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ስምንት ሲሊንደር፣ እንደ አዲስ የተያዘ፣ ዴን ሃግ።»

ክው አልኩ። እውነቴን ነው፣ ሻዩን ጭኔ ላይ ደፋሁት። አዲስ አበባ፣ ገና ጢሜ ሳያበቅል፣ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ አንድ አሜሪካዊ ልክ እንዲህ ያለውን መኪና ያመጣ ነበር። አጥባለሁ፣ እወለውላለሁ፣ ጎማውን እነፋለሁ፤ መሪውን ግን አንድ ቀን እንኳ አስነክተውኝ አያውቁም። አለቃዬ «እጅህ ግራሶ ነው፣ ወግድ!» እያለ ያባርረኛል። ያኔ ነው እንግዲህ በልቤ የማልኩት። ሰው ለትምህርት ይምላል፣ ለትዳር ይምላል፤ እኔ ለሙስታንግ ማልኩ።

ሮጬ ሄጄ ደወልኩ። በዚያ በተሰባበረ ሆላንድኛዬ «መኪናው አለ ወይ?» አልኩ። አንዲት ሴት፣ የሷም ሆላንድኛ ከኔ ብዙ የማይሻል፣ ቀስ እያለች ትመልስልኝ ጀመር። መሀል ላይ አቋረጠችና በአማርኛ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አበሻ ነህ እንዴ?» አለችኝ።

በስመ አብ! ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። ሙስታንግ፣ ዴን ሃግ፣ ያውም በአበሻ እጅ!

ስሟ ይመኙሻል ይባላል። መኪናው የባሏ ነው። ባሏ አበጋዝ የመርከብ ሰው ነበር፤ በፈረንጅ 1980 መርከቡን ሮተርዳም ላይ ጥሎ ቀረ። ሙስታንጉን የገዛው ሱስተርበርኽ ከሚባለው የጦር ሰፈር ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ነው። «ዝናብ ካለ አያወጣውም» አለችኝ። እንግዲህ ዝናብ የማይዘንብበት የሆላንድ ቀን ስንት እንደሆነ እናንተው ቁጠሩት።

«ታዲያ ለምን ይሸጣል?» አልኳት፤ ልቤ እየመታ።

ሳቀች። ያን ሳቅ አልረሳውም። «እሱ ራሱ ሽጪው ብሎኝ ነው» አለች። አበጋዝ ከጥቅምት ጀምሮ ካርቱም ነው። ልጃቸው ብዙወርቅ አገር ቤት አያቷ ዘንድ ቀርታ ነበር፤ በስንት መከራ ሰዎች ድንበር አሻግረው ሱዳን አድርሰዋታል። አባት ሊያመጣት ሄዶ ወረቀቷ እስኪያልቅ አብሯት እየጠበቀ ነው። በመጨረሻው ደብዳቤው፣ «ሙስታንጉ ባለ ሁለት በር ነው፤ ብዙዬን ከኋላ አፍኜ አልወስዳትም፤ ሽጪውና ስመጣ አራት በር ያለው የቤተሰብ መኪና እንይዛለን» ብሎ ጽፎላታል። ደብዳቤውን ከአጠገቧ አንሥታ አነበበችልኝ፣ ለማታውቀው ሰው፣ በስልክ።

«ለፋሲካ ሁለቱም እዚህ ናቸው» አለች። «ልጄን ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ አላየኋትም። አሁን ሰባት ሆናለች።»

እኔ ምን አልኩ? «እግዜር ያምጣልሽ» ማለቱንስ አልኩ። ወዲያው ግን «መኪናውን መቼ ልየው?» አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት፣ በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት ላይ፣ ከኡትሬክት አንድ ሆላንዳዊ ሊያየው ቀጠሮ ይዟል፤ አንተ ስድስት ሰዓት ላይ ና አለችኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አራት ሰዓት ሆላንዱ አይቶት ስድስት ሰዓት ላይ ለኔ ምን ይተርፈኛል? የጎማው ፋና!

እንግዲህ እኛ መኪና ብቻችንን ሄደን አንገዛም። ሞተር የሚያዳምጥ ያስፈልጋል፣ ዋጋ የሚከራከር ያስፈልጋል፣ ሻጩ የሚያፍረው ሽማግሌ ያስፈልጋል። ለክርክሩ ግርማን ጠራሁት። ግርማ አምስተርዳም፣ ኢንዲሸ ቡርት በሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው፤ ዳፐርማርክት ገበያ ላይ ከቲማቲም ሻጭ ጋር ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ሰው ነው። አንዲት ኦፔል መኪናም አለችው። አዘዘን ያዝኩ፤ እሱ የፈረቃ ጓደኛዬ ነው፣ ከእግዜር ቀጥሎ የሚያውቀው ሥራውን ነው፣ የትም ና ሲሉት ይመጣል።

ለሞተሩም ለሽምግልናውም ጋሽ ኣስመሮም ነበሩ። ኤርትራዊ ናቸው፣ ስድሳን አልፈዋል። ሙያውን አስመራ ከጣልያኖች ተምረው ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ሠርተውበታል፤ የሞተር ድምፅ ሰምተው የቱ ቫልቭ እንደታመመ ይነግሩሃል። ሮተርዳም ያለ አበሻ ሁሉ ቢጣላ እሳቸው ጋ፣ ቢያገባ እሳቸው ጋ ነው። የአክስታቸው ልጅ ሉችያ ካርቱም ክሊኒክ ውስጥ ስለምትሠራ ከዚያ የሚመጣ መልእክትም በእሳቸው በኩል ነው የሚያልፈው። «ዴን ሃግ አንዲት አበሻ ሴት ሙስታንግ ትሸጣለች፤ ይምጡና ሞተሩን ይስሙልኝ» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። የመኪናውን ስም ነገርኳቸው እንጂ የሴትዮዋን ስም አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም።

እኔና አዘዘ ዓርብ የሌሊት ፈረቃ ነበረብን፤ የወጣነው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ግርማ ዓርብ ማታ መጥቶ ጋሽ ኣስመሮም ቤት አደረና ከወደቡ በር ላይ ወሰዱን። «ስድስት ሰዓት ብላሃለች አይደል?» አለ ግርማ። «እሱን ለሌላ ንገረው፣ ንዳ!» አልኩት። ጋሽ ኣስመሮም «ትንሽ አልማለደም እንዴ?» ቢሉ፣ «ጋሼ፣ ሆላንዱ ቀድሞ ቢመጣስ?» ብዬ አፋቸውን አስያዝኳቸው። ያችን መንገድ ሁሌ አስባታለሁ። ከሮተርዳም ዴን ሃግ ምን አላት? ግማሽ ሰዓት አትሞላም፤ አንድ ሰው ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይችል ነበር።

ደረስን። ጠባብ መንገድ ነው፣ የመጀመሪያው ትራም ገና እየተንቀጫቀጨ ያልፋል። ቤቷ ፎቅ ላይ ነው፤ መጋረጃው ተዘግቷል። ወረድንና እግረኛው መንገድ ላይ ቆምን። ደወሉን አንድ ጊዜ፣ በጨዋ ደንብ፣ ጫን አደረግሁት።

መጋረጃው ተከፈተ። አንዲት ሴት በሌሊት ልብሷ ወደ ታች አየችን። ጋሽ ኣስመሮም ሴት ስላዩ እንደ ልማዳቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኛም አንገታችንን ደፋ አድርገን እጅ ነሣን።

ጮኸች!

ኧረ እናንተዬ፣ እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። «አበጋዝ! አበጋዜ! ወየው! ወየው ጉዴ!» መስኮቱን ከፍታ ግማሽ አካሏ ውጭ ነው፣ ደረቷን ትደቃለች። ቤት ውስጥ ሰው ገብቶባት መሰለኝ፣ እሳት ተነሥቶ መሰለኝ። ግርማን ዞሬ አየሁት፤ ያኔ ነው ዓይኔ የተገለጠው።

ግርማ የሆቴል ሥራ ጥቁር ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎታል። አዘዘ ጃኬቱ ዘይት ነክቶት ስለነበር አውልቆ ከኦፔሏ የኋላ ወንበር ያገኘውን የግርማን ሚስት ነጠላ ደርቧል፣ ያውም ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጎ! ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። አራት አበሻ ወንድ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ባሏ በሰው አገር ካለ ሴት ደጃፍ ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ይህን ያየ አበሻ ምን ይላል? መርዶ ነዋ! ምን ሊል ኖሯል?

«ኧረ ለመኪናው ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «እህቴ፣ ለሙስታንጉ ነው የመጣነው!»

ይባስ ብላ ፀጉሯን ያዘች። «እንደሱ ነው የሚባለው! አባቴ የሞተ ጊዜም በሬ ልንገዛ ነው ብለው ነው የገቡት! ንገሩኝ! አበጋዝን ምን አደረጋችሁት?»

እውነቷን ነው እኮ! ለመርዶ የሄደ ሰው መቼ መርዶ ነው ብሎ ያውቃል? ለመኪናው ነው ባልኩ ቁጥር ይብስባታል፤ ዝም ካልኩም ያው ነው። እንዲህ ያለ ወጥመድ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። በዚህ መሀል የጎረቤት መስኮት ተከፈተና አንዲት ሆላንዳዊት አሮጊት ምንድን ነው፣ ፖሊስ ልጥራ ወይ ትል ጀመር። ግርማ ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ «እመቤቴ፣ መኪና ልንገዛ ነው» አላት። አሮጊቷ እኛን አየች፣ የምትጮኸዋን ሴት አየች፣ «ለመኪና ነው እንዲህ የሚለቀሰው?» አለችና ስልክ ልታነሣ ገባች።

በመጨረሻ ከኪሴ የጋዜጣውን ቁራጭ አውጥቼ ከፍ አድርጌ እያውለበለብኩ፣ «ይኸው! ማንደፍሮ ነኝ! ሐሙስ የደወልኩት! ስድስት ሰዓት ና ያልሽኝ! ሆላንዱ እንዳይቀድመኝ ነው፣ በሞቴ!» አልኩ። ጩኸቱ ቆመ። በሩ ተከፈተ፤ በባዶ እግሯ ወርዳለች። ቁራጩን ከእጄ ነጠቀችና አነበበችው፤ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየለት ነገር ተናነቃት። ተነሣችና ደረቴን በሁለት እጇ በቡጢ ወቃችኝ። ዝም ብዬ ተወቃሁ፤ ይገባኛል።

«ልትገድሉኝ ነበር እኮ» አለች። «ልቤ ቆሞ ነበር እኮ።»

ይቅርታ ጠየቅን፣ ሁላችንም በአንድ ላይ፣ እየተንተባተብን። አዘዘ ነጠላውን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ወሸቀ። እሷ ለአሮጊቷ ሄዳ አስረዳች፣ ከዚያ ካፖርት ደርባ መጣችና ጋሽ ኣስመሮምን ዝቅ ብላ ሰላም አለቻቸው። እሳቸው እጃቸውን ሰጧት እንጂ ፊቷን አላዩም። እኔ ያፈሩ መሰለኝ። እኔም አፍሬ ነበር፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ዓይኔ ጋራዡን ይፈልጋል።

ጋራዡ ከሕንፃው ጀርባ ነው። በሩን ወደ ላይ አነሣችው። መኪናው በአንሶላና በሁለት ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። ጥቁር ሰማያዊ ቀለሙ አንድ ጭረት የለበትም። ኒኬሉ ፊትህን ያሳይሃል። ከፊት ያችን የምትጋልብ ፈረስ አየኋት፤ ከኋላ በየጎኑ ሦስት ሦስት መብራት አለ። ወንበሩ ነጭ ቆዳ ነው፣ ቆዳው ቆዳ ይሸታል። ተንበርክኬ ሆዱን አየሁ፦ በዚህ የባሕር አየር፣ በዚህ እርጥበት፣ ዝገት የሚባል ነገር አልነካውም! አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው መኪና ነው!

«እኔ መንዳት አልችልም» አለች ይመኙሻል፣ በኩራት። «ግን በየእሁዱ ሩብ ሰዓት አስነሣዋለሁ። እንደሱ አድርጊ ብሎኛል። ጎማው እንዳይጣመም ደግሞ ትንሽ ገፋ ገፋ አደርገዋለሁ፣ ብቻዬን።» ቁልፉን አዞረች። ስምንቱ ሲሊንደር አንድ ላይ ሲነሣ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። እንባዬ መጣ፤ አልዋሽም፣ መጣ።

«ጋሽ ኣስመሮም! ይምጡ እንጂ፣ ይስሙት!» አልኩ።

ጋሽ ኣስመሮም ከጋራዡ በር አልገቡም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ውጭ ቆመዋል። «ደህና ነው፣ ደህና ነው» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ። እኔ ደሜ ፈላ። የብስክሌት ሰንሰለት እንኳ ሳይመረምሩ የማያልፉ ሰውዬ! ለዚህ ነው እንዴ ከዚያ ያመጣኋቸው?

ወጥቼ ሄድኩባቸው። ክንዴን ያዙኝ። «ማንደፍሮ፣ ልጄ፣ እንሂድ። ሌላ ቀን እንመለሳለን» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ሌላ ቀን? ጋሼ፣ አራት ሰዓት ላይ ሆላንዱ ይመጣል እኮ!»

«ይምጣ። መኪናው ይቅርብህ። እንሂድ ስልህ እሺ በለኝ።»

«እሺ አልልም!» አልኩ። ለሽማግሌ እንዲያ መልሼ አላውቅም። «ብርድ መትቷቸው ይሆናል» ብዬ ነው ያሰብኩት፣ ካሰብኩ። ይመኙሻልም ሰምታ ኖሮ፣ «ኧረ በባዶ ሆድ አትሄዱም! አባባ በርዷቸዋል፣ ግቡና ሻይ ጠጡ» ብላ እየጎተተች አስገባችን።

ቤቱ ትንሽ ነው፣ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ አበጋዝ አለ፤ ሙስታንጉ ላይ ተደግፎ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ በኩራት ይስቃል። በተከፈተው በር በኩል የልጅ አልጋ ይታያል፣ ፍራሹ ገና ፕላስቲኩ አልተላጠም። ሻይና ዳቦ አቀረበችልን። ስለ ልጇ አወራችን፤ ትምህርት ቤት እንዳስመዘገበቻት፣ ብርዱን እንዴት እንደምትችለው እንደምትጨነቅ። ጠዋት ያለቀሰች ሴት አትመስልም። ግርማ ክርክሩን ሊጀምር ጉሮሮውን ጠረገ፤ እኔ በእግሬ መታሁት። የጠየቀችውን ዋጋ እሺ አልኳት፣ ወዲያው።

«በቃ ያንተ ይሁን» አለችኝ። «ለሆላንዱ ደውዬ ተሽጧል እለዋለሁ። አበጋዝም ወገን ገዛው ብለው ደስ ይለዋል፤ መጥቶ አንዳንዴ ያየዋል።» ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊት ለፊቴ አስቀመጠችው። እጄን ስዘረጋ ግን በመዳፏ ከደነችው። «አንድ ነገር ብቻ። ሞኝ አትበሉኝ። የጠዋቱ ድንጋጤ ገና ከላዬ አልወረደም፤ እጄን እዩት። ለመኪናው ብቻ እንደመጣችሁ ማሉልኝና ይውጣልኝ።»

«ኧረ በደስታ!» አልኩ። «እናቴን! ለመኪናው ነው የመጣሁት።»

«ልጆቼን!» አለ ግርማ እየሳቀ።

«ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ለመኪናው ነው» አለ አዘዘ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

ወደ ጋሽ ኣስመሮም ዞረች። «አባባ፣ የርስዎ መሐላ ነው የሚበልጥብኝ። ይማሉልኝ።»

ጋሽ ኣስመሮም ብርጭቆውን አስቀመጡ። ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። እሷ ፈገግ እንዳለች ትጠብቃለች። እኔስ? እኔ ዕድሜ ልኬን የምጸጸትበትን ቃል ተናገርኩ። «ይማሉላት እንጂ ጋሼ፣ ሰዓቱ እኮ ሄደ!» አልኩ።

ሽማግሌው አዩኝ። ተቆጥተውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ አልምልም» አሉ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ቶሎ አልሄደም። ጠዋት መንደሩን በጩኸት ያናወጠችው ሴት አሁን አልጮኸችም።

«ለምን?» አለች።

«አበጋዝ የሚለውን ስም ከመስኮቱ ስትጠሪ ነው ያወቅሁት። ቤቱ ያንቺ መሆኑን አላወቅሁም ነበር፤ እግዚአብሔርን፣ አላወቅሁም» አሉ። «ከሉችያ ደብዳቤ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንቴ ነው። ወባ ነው ልጄ። በአምስት ቀን ውስጥ። እህትሽ ከጀርመን እስክትመጣ እየጠበቅን ነበር፤ ብቻሽን እንዳትሰሚው ብለን። ቀኑንም ቆርጠን ነበር።»

ለመኪናው ነው፣ ለመኪናው ነው እያልኩ ስምል ስገዘት የዋልኩት፣ ለካ መርዶውን ራሱን ከሮተርዳም ጭኜ፣ ከአጠገቤ አስቀምጬ አምጥቼዋለሁ!

«ውሸት ነው» አለች ይመኙሻል፣ ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው። «አባባ፣ ተሳስተዋል። ሌላ አበጋዝ ይሆናል። እኔ እኮ ባለፈው እሁድ ልጄን በስልክ አነጋግሬያታለሁ፣ በሉችያ ክሊኒክ ስልክ። አባባ የት ሄደ ብያት፣ ፖርት ሱዳን ሄዷል፣ ለወረቀት ጉዳይ ነው አለችኝ። በራሷ አፍ ነው የነገረችኝ።»

ጋሽ ኣስመሮም አንገታቸውን ደፉ። «ሉችያ ዘንድ ነው ያለችው፤ እንደዚያ በይ ብለዋት ነው» አሉ።

አዘዘ አማተበ። ይመኙሻል ብድግ አለች። እኔ አሁን ትወድቃለች ብዬ ልይዛት ተነሣሁ፤ በእጇ ገፋችኝ። ፊቷ ተለዋወጠብኝ። ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ የደነገጠች እናት ፊት ነው።

«ልጄ ታውቃለች?»

«አጠገቡ ነበረች» አሉ ጋሽ ኣስመሮም።

«ልጄ ታውቃለች? የሰባት ዓመት ልጅ? አባቷ ዓይኗ እያየ ሞቶ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪ አላችኋት?» አሁን ድምፅዋ ከፍ አለ። «ለኔ አዝናችሁ ለኔ ደበቃችሁኝ! እሷን ማን አባበላት? እሁድ ዕለት ስትስቅልኝ ነበር እኮ! ሩብ ሰዓት ሙሉ ስትስቅልኝ ነበር! ለልጄ መርዶ አሸከማችኋት?»

ሽማግሌው ያለቅሳሉ፣ ድምፅ የለውም፣ እንባው ጢማቸው ላይ ይወርዳል። ሁላችንም ይህን ልማድ ጡት ስንጠባ ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ደግ ነገር ነው ብለን ነው የኖርነው። እኔም ሦስት ሳምንት ቀደም ብዬ ሰምቼ ቢሆን እንደነሱ እደብቅ ነበር። ያን ጠዋት ግን በአገሬ ደግነት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈርኩ።

ወደ ስልኩ ሄደች። ግርማ፣ «እህቴ፣ ትንሽ ተቀመጪ፣ መጀመሪያ አልቅሺ» አላት። አልሰማችውም። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ጣቷ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፣ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ጀመረች። ከዚያ ከሉችያ ጋር ጥቂት ቃል ተነጋገረች፤ «ልጄን ስጪኝ» ብቻ ትላለች፣ «ሌላ አልፈልግም፣ ልጄን ስጪኝ።» ጠበቀች። ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ብዙዬ? እማማ ነኝ» አለች። «ደህና ነኝ የኔ ቆንጆ። ስሚኝ። አባባ ፖርት ሱዳን አለመሄዱን አውቄአለሁ።» አዳመጠች። «አዎ። ነግረውኛል። አልተቆጣሁሽም፣ ምንም አላጠፋሽም። ካሁን በኋላ መደበቅ የለም። ማልቀስ ትችያለሽ እናቴ፣ አልቅሺ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

ከስልኩ ውስጥ የልጅቷ ልቅሶ እኛ እስከቆምንበት ድረስ ተሰማ። ይመኙሻልም ያን ጊዜ አለቀሰች።